የአጣቢው ጉድጓድ

በከተማችን ውስጥ ስሜ የጠፋው ካለፈው ክረምት ወዲህ ነው። አሁን ሁሉም «ጠርሙስ» ነው የሚለኝ። ከላይ ያለው የማዕድን ማውጫ የዝቃጭ ግድቡ ተደርምሶ ግራጫው ጭቃ ወንዛችንን ከሞላው ጀምሮ ሥራዬ ጠርሙስ መሙላት ሆነ። ከወንዙ እቀዳለሁ፣ በወንዙ ግራና ቀኝ ካሉት ጉድጓዶች እቀዳለሁ፣ የበረዶ ሳጥን ውስጥ ደርድሬ ወደ ላቦራቶሪ እልካለሁ። ውጤቱ ሲመጣም በየደጁ እየዞርኩ መርዶውን የማደርሰው እኔው ነኝ። ሰው ከሩቅ ሲያየኝ ፊቱ ይጠቁራል። መርዙን እኔ የበጠበጥኩት ይመስል።

ይባስ ብሎ ወንዙ ጠርቷል። «ይኸው ጠጠሩ እንኳ ይቆጠራል፣ አንቺ ግን ጉድጓዳችንን አልከፍት አልሽ» ብለው ይነተርኩኛል። ጭቃው ወንዙ ሥር ተኝቶ ወደ መሬት እየሰረገ እንደሆነ፣ በውስጡ ያለው እርሳስና አርሴኒክ በዓይን እንደማይታይ፣ ምላስም እንደማይለየው አስረዳለሁ። ወንዙ የሆነበትን ይዞ ቶሎ ያልፋል፤ የከርሰ ምድር ውሃ ግን እንደኔ ቂመኛ ነው፣ ቀስ ብሎ ይይዛል፣ ቀስ ብሎ ይለቃል እላቸዋለሁ። ይስቃሉ። ስቀው ሲያበቁ ግን ጉድጓዱ መቼ እንደሚከፈት ደግመው ይጠይቁኛል።

ከሁሉም አብዝቶ የሚጠይቀኝ አባቴ ነበር።

አባባ ልብስ አጣቢ ነው። የሆቴሉን አንሶላ፣ የክሊኒኩን ነጭ ካፖርት፣ የግማሹን ከተማ ሸሚዝ ሲያጥብ የኖረው ጓሯችን ውስጥ ባለው ጉድጓድ ነው። በወጣትነቱ በገዛ እጁ የቆፈረው ጉድጓድ ነው። ክዳኑ ላይ «አይጠጣም፣ አይታጠብበትም» የሚለውን ቀይ ቀለም የቀባሁት እኔ ነኝ። ብሩሹን ይዤ እንባዬ እየተናነቀኝ ስቀባ አጠገቤ ቆሞ «ጠርዙን ዘለልሽው፣ ተመለሺ» እያለ ያርመኝ ነበር። አባባ እንዲህ ነው። ቤቱ ቢቃጠል እንኳ እሳቱ ተስተካክሎ እንዲነድ የሚፈልግ ሰው ነው።

ከዚያ ቀን ጀምሮ የልብስ ገመዶቹ ባዶ ሆኑ። እናታችን ካረፈች ወዲህ ብቻውን ነው የሚኖረው፤ እኔ ለመሥሪያ ቤቴ እንዲቀርበኝ ላይ ሰፈር አንድ ክፍል ተከራይቻለሁ። በሥራ ድምፅ የሚሞላው ግቢ ጸጥ ሲል አባባ ያረጀ መሰለኝ። እጁን የት እንደሚያደርገው ጠፍቶት አንዴ ኪሱ ውስጥ ይከተዋል፣ አንዴ ያወጣዋል።

የሚያጽናናው አንድ ነገር ብቻ ነበር። ታናሽ እህቴ በትልቁ ከተማ የበኩር ልጇን ወልዳለች፤ ባሏ የረጅም መንገድ ሾፌር ስለሆነ ልጇን ይዛ መጥታ ከአባባ ጋር ልትኖር አስባለች። አባባ የልጅ ልጁን ያየው በስልክ ብቻ ነው። ስልኩን አፍንጫው ላይ ለጥፎ «ጆሮውን አሳዪኝ፣ አሁን ደግሞ እግሩን» ይላታል። ልጁ ግን የእናቱ ጡት አልበቃ ብሎት የዱቄት ወተት ነው የሚጠጣው። የዱቄት ወተት ደግሞ ውሃ ይፈልጋል። ውሃ የሚያድለን ታንከር በሳምንት ሁለቴ ይመጣል ይባላል እንጂ ሲያሻው ይቀራል፣ ሲመጣም ለየቤቱ የሚደርሰው ጥቂት ጀሪካን ነው።

«እታለም» አለችኝ እህቴ አንድ ቀን በስልክ፣ «አንቺ ጸድቷል ካልሽኝ በማግስቱ እመጣለሁ። ሌላ ሰው ቢምልልኝም አላምን።»

ስልኩን ድምፁን ከፍ አድርጌ ነበር የያዝኩት። አባባ አጠገቤ ተቀምጦ ሰማ። ተነስቶ ወደ ጓሮ ወጣ።

በእኛ ደንብ አንድ ጉድጓድ የሚከፈተው ሦስት ጊዜ ተከታትሎ ንጹሕ ውጤት ሲመጣ ነው። የአባባ ጉድጓድ የመርዝ መጠን ከዚያ ወዲህ ይወርድ ጀመር። መጀመሪያ ላይ ውጤቱን ሳየው የተሳሳተ ገጽ ላይ የገባሁ መስሎኝ ነበር። የግራ ጎረቤቱ ጉድጓድ ያው ነው፣ የቀኙም ያው ነው፤ የእሱ ግን ከሚፈቀደው ልክ በታች ወርዷል። ምናልባት ግቢው ከፍ ስለሚል ነው አልኩ። ምናልባት ከሥሩ የሸክላ አፈር ይኖር ይሆናል አልኩ። ማመን ስለፈለግኩ ምክንያት አላጣሁም። በሁለተኛው ጊዜ ከዚያም የተሻለ ሲሆን አፌን መያዝ አቃተኝና ለእህቴ ደወልኩላት። «ሦስተኛው እንዲሁ ከሆነ ጓዝሽን ጠቅልዪ» አልኳት። እሷ ግን «እንዲሁ ከሆነ» የምትለዋን አልሰማችም፤ ለቅዳሜ የአውቶቡስ ቲኬት ቆረጠች።

አባባ ሌላ ሰው ሆነ። እህቴ አስቀድማ በሰው የላከቻቸውን የሕፃን ልብሶች በታንከሩ ውሃ አጥቦ፣ የከሰል ካውያውን አቀጣጥሎ አንድ በአንድ ተኮሳቸው። ከመዳፌ የማይበልጡ ሸሚዞች ናቸው፤ ኮሌታቸውን እንደ ሥራ አስኪያጅ ሸሚዝ አቁሞታል። ገመዱ ላይ ተሰቅለው ሳያቸው ሆዴ ባባ። ምን ሆንሽ ሲለኝ የከሰሉ ጭስ ነው አልኩት።

ሦስተኛውን ናሙና የቀዳሁት ሰኞ ነው። እንደ ደንቡ፣ ውሃው ውስጥ ያለውን ጨው የሚያነበው መለኪያዬ አንድ ቁጥር ላይ እስኪረጋ በፓምፕ ሳብኩ፤ ቶሎ ስለረጋ ብዙ አልሳብኩም፤ ከዚያ ጓንቴን አጥልቄ ጠርሙሶቼን ሞላሁ። አባባ በርጩማው ላይ ተቀምጦ ያየኛል። ስጨርስ እንደ ልማዱ ሻይ አቀረበልኝ፤ ለእኔ ከሰማያዊው ማንቆርቆሪያ፣ ለራሱ ከጥቁሩ። ከጥቁሩ ልቅዳ ብዬ እጄን ስዘረጋ ቀልጠፍ ብሎ ወሰደው። «የእኔ ቅመም አለበት፣ አንቺ አትወጂውም» አለኝ። የሽማግሌ አመል ነው ብዬ ተውኩት።

ሐሙስ ዕለት ከላቦራቶሪ ኬሚስቷ ደወሉልኝ። እትዬ ነው የምላቸው፤ ረጋ ያሉ፣ ምራቅ የዋጡ ሴት ናቸው።

«ጠርሙሴ፣ የአባትሽ ጉድጓድ ንጹሕ ነው» አሉኝ።

ለእህቴ ልደውል ጣቴ ሲያሳክከኝ ይታወቀኛል።

«ቆይ፣ አልጨረስኩም። ከመጠን ያለፈ ንጹሕ ነው። ቁጥሩ ከላክሽልኝ የታንከሩ ውሃ ናሙና ጋር አንድ በአንድ ይገጥማል፤ ጨዉም፣ ካልሲየሙም፣ ሁሉም። ምናልባት የታንከሩን ውሃ ሁለት ጠርሙስ ላይ ሞልተሽው ይሆን?»

ደሜ ፈላ። «እትዬ፣ እኔ ጠርሙስ ከምለዋውጥ እርስዎ ባልዎን ቢለዋውጡ ይቀላል።»

«እሱንስ አስቤበት ነበር» አሉና ሳቁ። ከዚያ ድምፃቸው ዝቅ አለ። «እንደገና ሄደሽ ቅጂ። እንደምትመጪ ግን ለአባትሽ አትንገሪው።»

ይህቺ የመጨረሻዋ ነገር ከነከነችኝ። ቀኑን ሙሉ ከእትዬ ጋር በልቤ ስጨቃጨቅ ዋልኩና ከሥራ እንደወጣሁ ሳጥኔን አንግቼ በቀጥታ ወደ አባባ ቤት ሄድኩ። ልክ መሆኔን ላሳያቸው ነበር የሄድኩት።

የግቢው በር ገርበብ ብሎ ነበር። ጓሮው ስደርስ ቀዩ ክዳን ተነስቶ ግድግዳው ላይ ተደግፏል። አባባ ሱሪውን እስከ ጉልበቱ ጠቅልሎ በባልዲ ከጉድጓዱ ውሃ ያወጣል፣ ቦዩ ውስጥ ይደፋል፣ ያወጣል፣ ይደፋል። በጋ ስለሆነ ጉድጓዱ ውስጥ ያለው ውሃ ጥቂት ነው። ባልዲው ከሥር ጭቃ መንካት ሲጀምር ገመዱን ጠቅልሎ አስቀመጠና አጠገቡ ከተደረደሩት ጀሪካኖች አንዱን አነሳ። በጉድጓዱ ግድግዳ በኩል፣ እንዳይረጭ እየተጠነቀቀ፣ ቀስ አድርጎ ወደ ውስጥ አንቆረቆረው። የክሎሪኑ ሽታ እኔ የቆምኩበት ድረስ መጣ። የታንከሩ ውሃ ነው።

«አባባ፣ ምን እያደረግክ ነው?»

አልደነገጠም። ሥራ ላይ እንዳለ ሰው ቀና ብሎ አየኝ።

«ደረስሽ እንዴ? እያለቀለቅኩት ነው።»

«ምኑን?»

«ጉድጓዱን ነዋ» አለኝ፣ ይህን አለማወቄ እየገረመው። «ቀለም የነካው ልብስ ምን ይደረጋል? የቆሸሸውን ውሃ ትደፊያለሽ፣ ንጹሕ ትጨምሪያለሽ፣ ደግሞ ትደፊያለሽ። ዕድሜዬን ሙሉ የሠራሁት ይኼንን አይደል? ልነግርሽ ነበር፤ መጀመሪያ ይጥራ ብዬ ነው። ደግሞም እየነጣ ነው፣ ቁጥሩ ወረደ ያልሽኝ አንቺው ነሽ።»

ለቁጣ የተዘጋጀ አፌ ባዶውን ቀረ። ሳጥኑን መሬት ላይ አስቀምጬ ጉድጓዱ አፍ ላይ ተቀመጥኩ። እንዴት ብዬ እንደምነግረው ጨነቀኝ። ለሌላው ሰው የምለው የከርሰ ምድር ፍሰት ምናምን እዚህ ቦታ አይሠራም።

«አባባ፣ ጉድጓዱ ሳፋው ነው» አልኩት በመጨረሻ። «ልብሱ መሬቱ ነው። ሳፋውን ስትደፋው ከልብሱ እየተጨመቀ ተመልሶ ይሞላል። መሬቱን ሁሉ በጀሪካን ማለቅለቅ አይቻልም።»

ቶሎ ገባው። ሥራውን የሚያውቅ ሰው ስለሆነ ከማንም በላይ ቶሎ ገባው። ጀሪካኑን አስቀመጠና እርጥብ እጁን ሱሪው ላይ ጠረገ።

«ታዲያ አንቺ የለካሽው…»

«የታንከሩን ውሃ ነው የለካሁት፣ አባባ።»

«ቅዳሜ ልጅቷ ትመጣለች» አለ። ከዚያ በርጩማው ላይ ቁጭ አለና ገመዱ ላይ ያሉትን ትንንሽ ልብሶች ያይ ጀመር። እንዲህ ሆኖ ያየሁት እናታችን ያረፈች ቀን ብቻ ነው።

ላጽናናው አፌን ስከፍት ጀሪካኖቹን አየሁ። ሁሉም ባዶ ናቸው፤ ከወጥ ቤቱ በር አጠገብ ያለው የውሃ በርሜልም ክዳኑ ተከፍቶ ባዶ ነው። ለአንድ ሰው ቤት የሚታደለው ውሃ ይህ ነው፣ ሌላ የለም።

«አባባ፣ የታንከሩን ውሃ ሁሉ እዚህ ከደፋኸው አንተ ምን ትጠጣለህ?»

ዓይኑን ወደ ወጥ ቤቱ በር ወረወረ።

ወጥ ቤት ገባሁ። ሰማያዊውም ጥቁሩም ማንቆርቆሪያ ምድጃው ላይ ናቸው። ክዳናቸውን አነሳሁ፤ በሁለቱም ውስጥ ያለው የፈላ ውሃ ብቻ ነው፣ ቅመም የሚባል ነገር የለም። መለኪያዬን ከቦርሳዬ አውጥቼ ሰማያዊው ውስጥ ነከርኩት፤ የታንከሩ ቁጥር ነው። አጠብኩትና ጥቁሩ ውስጥ ነከርኩት። ቁጥሩ እየዘለለ ወጣና ጎረቤት ጉድጓዶች ላይ የማየው ቦታ ሄዶ ቆመ።

ማንቆርቆሪያውን እንደያዝኩ ወጣሁ። «ከመቼ ጀምሮ ነው?»

«ማለቅለቅ ከጀመርኩ ጀምሮ።»

«ውሃ ካነሰህ ለምን አልነገርከኝም? እኔ ከቤቴ ተሸክሜ አላመጣልህም ነበር?»

«አንሶኝ አይደለም» አለ። ድምፁ እንደ ወትሮው ነው፣ የሚያፍርም የሚኩራራም አይመስልም። «አንቺ ማሽንሽን ታምኛለሽ፣ ደግ ነው። ይኼ ውሃ ግን ሕፃን ሆድ ውስጥ ሊገባ ነው። ሕፃን ከመጠጣቱ በፊት አንድ ሰው ጠጥቶ መታየት አለበት። ሌላ ማንን ላስቀምስ?»

ማንቆርቆሪያውን ቦዩ ውስጥ ደፋሁትና መጥቼ አንገቱ ሥር ተሸጎጥኩ። ሳሙና ሳሙና ይሸታል። ከልጅነቴ ጀምሮ የማውቀው ሽታ ነው። እኔ ስንት ሰው ደጅ ቆሜ አትጠጡ እያልኩ ስጮህ፣ የገዛ አባቴ ሻይ እየቀዳልኝ ፊት ለፊቴ ሲጠጣው ኖሯል። ምን ዓይነት ዕውር ነኝ አልኩ። እሱ ጀርባዬን ቸብ ቸብ እያደረገ «በቃ፣ በቃ» ይለኛል፤ የጠጣሁት እኔ ይመስል።

«ሕመም ተሰምቶሃል?»

«ሆዴን ትንሽ ያመኛል። እርጅና ነው ብዬው ነበር።»

ለእህቴ መደወል ነበረብኝ። ጸድቷል ያልኩት እኔ ስለሆንኩ አልጸዳም የምለውም እኔ ነኝ። ስልኩን ስታነሳ ከኋላዋ የሻንጣ ዚፕ ድምፅ ይሰማል።

«አትምጪ» አልኳት።

«ጸድቷል ብለሽኝ ነበር እኮ፣ እታለም።»

«ብዬሽ ነበር። ተሳስቻለሁ።»

ሁሉንም ነገርኳት። ማንቆርቆሪያው ላይ ስደርስ ማልቀስ ጀመረች፣ ልጁም አብሯት አለቀሰ። እንባዋን ስትጨርስ ንፍጧን ሳብ አድርጋ «አባባን ላኪልኝ» አለችኝ። «የደም ምርመራው ያለው እዚህ ነው አይደል? በዚህችው ቅዳሜ አሳፍሪልኝ።»

አባባ ግን አልሄድም አለ። ለምን ስለው ግቢውን ማን ይጠብቃል አለኝ። ግቢውን እኔ እጠብቃለሁ ስለው አውቶቡስ ያዞረኛል አለኝ። አውቶቡስ አዙሮት እንደማያውቅ ስነግረው እጆቹን ገልብጦ መዳፉን ማየት ጀመረ።

«ይኼ ነገር ደሜ ውስጥ ገብቶ ከሆነ…» አለ፤ «ልጁን እንዴት አድርጌ ነው የማቅፈው?»

ለካ ይኼ ነው። «አይተላለፍም፣ አባባ።»

«በእጅስ?»

«በእጅም አይተላለፍም።»

«ስስመውስ?»

«ስትስመውም።»

«ይኼን ለክተሽው ነው ወይስ እኔን ለማስደሰት ነው?»

ሌላ ጊዜ ቢሆን ቆሽቴ ያር ነበር። ያን ዕለት ግን አልተቀየምኩትም፤ በዚያ ግቢ ውስጥ ውጤቴ አንዴ ዋሽቷልና። እትዬ ጋ ደወልኩና ድምፁን ከፍ አድርጌ ስልኩን አፉ ላይ ያዝኩለት። የሆነውን ባጭሩ ነገርኳቸው። እሳቸውም እስኪጨርስ ታግሰው ጥያቄውን ሁሉ ሰሙት፤ በላቡስ፣ በፎጣውስ፣ አብሬው ብተኛስ አላቸው።

«ጋሼ» አሉት፣ «ልጁን ይቀፉት፣ እስኪጠግቡም ይሳሙት። ከእንግዲህ የሚጠጡት ውሃ ንጹሕ ይሁን እንጂ ከእርስዎ ወደ እሱ የሚሄድ ነገር የለም። ይኼን የምነግርዎት ለማስደሰት አይደለም።»

«እግዜር ይስጥሽ» አለና ስልኩን መለሰልኝ። ከዚያ ተነስቶ ልብሶቹን ከገመዱ ላይ ያወርድ ጀመር።

ቅዳሜ እህቴ ልትመጣበት በነበረው ቀን እሱ ሄደ። የያዘው አንድ ሻንጣ ነው፤ ግማሹ የእሱ ልብስ ነው፣ ግማሹ የተተኮሱት ሸሚዞች። እንዳይጨማደዱ ብሎ ሻንጣውን ከላይ አላስጫነውም፣ ጭኑ ላይ አድርጎት ተቀመጠ። አውቶቡሱ ሲነሳ በመስኮቱ አንገቱን አውጥቶ ክዳኑን በደንብ ግጠሚው አለኝ።

ከዚያ በኋላ ጉድጓዱን ጊዜ ሰጥቼ ሳብኩት። አባባ የጨመረው ውሃ እስከ መጨረሻው እስኪወጣ፣ ከመሬቱ የሚመጣው የራሱ ውሃ እስኪተካ ጠበቅኩ። መለኪያዬ ሽቅብ እየወጣ ሲረጋ ጠርሙሴን ሞላሁ። እትዬ ውጤቱን ሲልኩልኝ አጠገቡ ምንም አልጻፉም። አርሴኒኩ ከጎረቤቶቹ ሁሉ የባሰ ነበር።

ይህንን ልነግረው ስደውል ስልኩን ያነሳችው እህቴ ናት። የደም ውጤቱ መጥቷል። ከልክ በላይ ነው፣ ግን መጠጣቱን ስላቆመ እየወረደ እንደሚሄድ ሐኪሙ ነግሯቸዋል፤ በየወሩ እየተመላለሰ ይታያል።

«አሁን እሱን ተዪና አባትሽን አስታግሺልኝ» አለችኝ።

«ምን አደረገ?»

«ጡጦውን እሱ ሳይቀምስ ለልጁ አይሰጥም። እዚህ ውሃው የቧንቧ ነው፣ የተመረመረ ነው ብዬ ብነግረውም አልሰማኝም። ልጁ በረሃብ ይጮሃል፣ አባባ መዳፉ ላይ ጠብ አድርጎ ይቀምሳል፣ ቆሞ ይጠብቃል፣ ምንም አለመሆኑን ካየ በኋላ ነው የሚሰጠው። ሌሊትም ይነሳል፣ እታለም። አንዷም ጡጦ አታመልጠውም።»

«ተዪው፣ ይቅመስ» አልኳት።

ከዚያ ስልኩ ከእጅ ወደ እጅ ሲተላለፍ ሰማሁ። የአባባ ድምፅ ዝቅ ብሎ መጣ፤ ክንዱ ላይ የተኛ ሰው ያለው ሰው እንደሚያወራው ነበር የሚያወራው።

«ጉድጓዱስ?»

«አልጸዳም፣ አባባ። ብሶበታል። ገና ብዙ ጊዜ ይፈጃል።»

የሕፃኑ ትንፋሽ በስልኩ ውስጥ ይሰማኛል።

«እንግዲህ እሱን አንቺ ጠብቂው» አለኝ። «እኔ እዚህ ሥራ ይዣለሁ።»